ታሪክ ለቤተሰብ፦ መቄዶንያ ግሪኮችን እንዴት ገዛች?



የኪስሌቭ ወር ሲገባ ልጆቻችን ከጋንና ከትምህርት ቤት በወረቀት የሠሩትን ሃኑኪያ ይዘው ወደ ቤት ይመጣሉ። ከእርሱም ጋር ስለ «ያቫኒም» የሚናገር መዝሙርና ታሪክ ያመጣሉ። ያቫን በዕብራይስጥ የግሪክ አገር ስም ነው፤ ያቫኒም ማለት ግሪኮች ማለት ነው። ልጁም «እማዬ፣ ያቫኒም እነማን ናቸው? ከየት መጡ? እኛን ለምን ጠሉን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እኛ ደግሞ ባደግንበት አገር ፋሲካንና ሲግድን ስናከብር ኖርን እንጂ ሃኑካን አናውቀውም ነበር፤ በዓሉን ያገኘነው እዚህ ከገባን በኋላ ነው። ስለዚህ ብዙ ወላጅ ጥያቄው ሲመጣበት ዝም ይላል፤ ወይም «ሂድና መምህርህን ጠይቅ» ብሎ ልጁን ይመልሰዋል።

ልጅ ወላጁ ያልተማረውን መማሩ ነውር አይደለም፤ ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ልጁ ደጋግሞ ጠይቆ መልስ ካጣ፣ ቀስ በቀስ መጠየቁን ይተዋል። መጠየቁን የተወ ልጅ ደግሞ መስማቱንም ይተዋል። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ለዚህ ጥያቄ መነሻ የሚሆን ታሪክ እንነግራችኋለን። አንብባችሁ ለልጆቻችሁ ተርኩላቸው፤ ማንበብ ለማይችሉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶችም አንብቡላቸው።

በመጀመሪያ አንድ የሚያስገርም ነገር እንመልከት። በኢየሩሳሌም የነበረውን ቤተ መቅደስ ያረከሰው ንጉሥ አንቲዮኮስ የአቴና ሰው አልነበረም፤ የስፓርታም ሰው አልነበረም። ዘሩ ከመቄዶንያ የጦር አለቆች የመጣ ነው። አቴናና ሌሎቹ የግሪክ ከተሞች ደግሞ ከእርሱ 170 ዓመት ያህል ቀደም ብለው በዚያችው በመቄዶንያ ተሸንፈው፣ በእርስዋ አገዛዝ ሥር ወድቀው ነበር። ታዲያ የተሸናፊዎቹ ስም እንዴት በአሸናፊዎቹ ላይ ቀረ? ይህን ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ስለ ዓመታቱ አንድ ቃል፦ እዚህ የምንጠቅሳቸው የጥንት ዓመታት ሁሉ በዕብራይስጥ «ሊፍኔ ሃስፊራ» የሚባሉት ናቸው፤ ማለትም የአውሮፓውያን የዓመት ቁጥር ከመጀመሩ በፊት ያሉ ናቸው። ስለሆነም ቁጥሩ ወደ እኛ ዘመን ሲቀርብ እየቀነሰ ይሄዳል። 359 ከ338 ይቀድማል ማለት ነው።

ብዙ ከተማ፣ ብዙ ጠብ

የጥንት ግሪኮች አንድ ንጉሥና አንድ መንግሥት አልነበራቸውም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ከተሞች ነበሩ። እያንዳንዱ ከተማ በዙሪያው ካለው እርሻ ጋር ራሱን የቻለ መንግሥት ነበር፤ የራሱ ሕግና የራሱ ሠራዊት ነበረው። ቋንቋቸው አንድ ነው። የሚያመልኳቸው ጣዖታት አንድ ናቸው። በየአራት ዓመቱ በኦሊምፒያ ለሩጫና ለትግል ውድድር አብረው ይሰበሰባሉ። ከዚያ ወደየቤታቸው ሲመለሱ ግን እርስ በርሳቸው ይዋጋሉ።

ከከተሞቹ ሁሉ ስማቸው የገነነው አቴና፣ ስፓርታና ቴብስ ነበሩ። አቴና በመርከቦችዋና በወደብዋ የበለጸገች ነበረች። የከተማይቱ ወንዶች ዜጎች በአደባባይ ተሰብስበው፣ ተከራክረው፣ እጃቸውን አውጥተው ሕግ ይወስኑ ነበር። ሴቶችና ባሪያዎች ድምፅ አልነበራቸውም። ከሌላ ከተማ መጥቶ የሚኖር ሰውም ግብር ይከፍላል፣ ለጦርነትም ይዘምታል እንጂ በጉባኤው ውስጥ ድምፅ አልነበረውም። ስፓርታ ደግሞ ወንዶች ልጆችዋን ከ7 ዓመታቸው ጀምሮ ለውትድርና የምታሳድግ ከተማ ነበረች።

ከ431 እስከ 404 ድረስ አቴናና ስፓርታ፣ ወዳጆቻቸውን አሰልፈው፣ 27 ዓመት የፈጀ ጦርነት ተዋጉ። ስፓርታ አሸነፈች፤ ያሸነፈችውም የፋርስ ንጉሥ በሰጣት ገንዘብ መርከብ ሠርታ ነው። በ371 ቴብስ ስፓርታን ሌውክትራ በሚባል ቦታ ድል አደረገች። በ362 ደግሞ በማንቲኒያ ጦርነት የቴብስ ታላቅ የጦር መሪ ኤፓሚኖንዳስ ሞተ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም የሚመራ ኃይል ጠፋ። ሁሉም ደክመው ነበር፤ ሁሉም ግን ገና ይኮሩ ነበር።

በሰሜን ያለው የተናቀ አገር

መቄዶንያ ከግሪክ ከተሞች በስተሰሜን፣ ከኦሊምፖስ ተራራ ማዶ ያለ ሰፊ አገር ነው። ተራራው የእረኞች፣ ሜዳው የገበሬዎችና የፈረሰኞች ነበር። እንደ አቴና ያለ ጉባኤ አልነበረውም፤ በንጉሥና በመኳንንት የሚተዳደር ነበር። የንጉሡ ቤተሰብ «ዘራችን ከግሪኳ ከአርጎስ ከተማ የመጣ ነው» ይል ነበር። የአቴና ሰዎች ግን መቄዶናውያንን «ባርባሮስ» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። ይህ ቃል በመጀመሪያ ንግግሩ የማይገባ፣ «ባር ባር» የሚል ሰው ማለት ነበር። በሰው አገር ቋንቋ ተቸግሮ የሚያውቅ ሰው የዚህን ስድብ ክብደት ይረዳዋል። በዛሬው ጊዜ ብዙ ሊቃውንት የመቄዶንያ ቋንቋ የግሪክኛ ወገን ወይም የቅርብ ዘመዱ እንደነበረ ይናገራሉ። በዚያን ጊዜ ግን ንቀቱ ከእውነቱ ይልቅ ይሰማ ነበር።

መቄዶንያ የተናቀችው ያለ ምክንያት አልነበረም። ነገሥታትዋ እርስ በርስ ይገዳደሉ ነበር፤ ጎረቤቶችዋም በየጊዜው ይዘርፏት ነበር። በ359 ንጉሡ ፔርዲካስ ኢሊሪያ ከሚባሉ የምዕራብ ጎረቤቶች ጋር ተዋግቶ ከ4,000 ወታደሮቹ ጋር ሞተ። የዚያን ጊዜ ዙፋኑን የያዘው ወንድሙ ፊሊጶስ ነው። ዕድሜው 23 ዓመት ገደማ ነበር።

በመያዣነት የተወሰደው ልጅ

ፊሊጶስ በልጅነቱ ወንድሞቹ ከቴብስ ጋር ባደረጉት ውል ምክንያት በመያዣነት ወደ ቴብስ ተወስዶ ነበር። ሦስት ዓመት ያህል በዚያ ኖረ። ጊዜው ቴብስ በኤፓሚኖንዳስ እየተመራች ከግሪክ ከተሞች ሁሉ ኃያል የነበረችበት ነው። የቴብስ ሰዎች አንድ የሰሜን ልጅ በእጃችን አለ ብለው ሲያስቡ፣ ልጁ ሠራዊታቸው እንዴት እንደሚሰለፍ፣ ጉባኤያቸው እንዴት እንደሚጨቃጨቅ፣ ከተሞቹ እንዴት እንደሚቀናኑ ይመለከት ነበር። ግሪኮች ስለ መቄዶንያ የሚያውቁት ጥቂት ነበር፤ ፊሊጶስ ግን ስለ ግሪኮች ብዙ አወቀ።

ዙፋኑን እንደያዘ የቸኮለ ጦርነት አልጀመረም። ለአንዳንዱ ጎረቤት ገንዘብ ሰጠ፤ ለሌላው ቃል ገባ፤ ከአቴናም ጋር ታረቀ። በዚህ መካከል ሠራዊቱን አዲስ አድርጎ አቋቋመ። በሚቀጥለው ዓመት በ358 ወንድሙን የገደሉትን ኢሊሪያውያን ወግቶ አሸነፋቸው።

ሠራዊቱ ምን ነበረው?

ከፊሊጶስ በፊት አብዛኛው የግሪክ ወታደር ገበሬ ወይም የእጅ ሙያተኛ ነበር፤ በበጋ ይዘምታል፣ ለመከር ወደ ቤቱ ይመለሳል። ፊሊጶስ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚሰለጥን፣ ደመወዝ የሚከፈለው ሠራዊት አቋቋመ። ለእግረኛው «ሳሪሳ» የሚባል ከ5 እስከ 6 ሜትር የሚረዝም ጦር ሰጠው። የሌሎች ግሪኮች ጦር ግማሹን ያህል እንኳ አይሆንም ነበር። ሰልፉ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ የአምስት ረድፍ ጦሮች ጫፍ ከፊት ወጥቶ ይታያል። ጠላት ወታደሩ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ጦሩ ይቀበለዋል።

በጎን ፈረሰኛው ጦር ነበር። የመኳንንቱ ልጆች የሆኑት ፈረሰኞች የንጉሡ «ባልንጀሮች» ይባሉ ነበር። በተጨማሪም ፊሊጶስ ቅጥር የሚሰብሩ መሣሪያዎችን የሚሠሩ መሐንዲሶችን ቀጥሮ ነበር። ወታደሮቹ ዱቄታቸውን በጀርባቸው ተሸክመው እንዲሄዱ ስላደረገ፣ ጋሪና አገልጋይ ከሚያስከትል ሠራዊት ይልቅ በፍጥነት ይደርሱ ነበር። በዘመኑ የነበሩ ሰዎች በጣም የተማረሩበት አንዱ ነገር ይህ ነው፤ ፊሊጶስ በክረምትም ይመጣ ነበር።

ወርቅ፣ ጋብቻና የተስፋ ቃል

ሠራዊት ገንዘብ ይፈልጋል። ፊሊጶስ በ357 አቴና አጥብቃ የምትመኛትን አምፊጶሊስ የምትባለውን ከተማ ያዘ። በሚቀጥለው ዓመት በፓንጋዮን ተራራ አጠገብ የምትገኝ አንዲት ከተማ ይዞ በራሱ ስም ፊሊጲ ብሎ ሰየማት። በዚያ አካባቢ ካለው የወርቅ ማዕድን በዓመት ከ1,000 መክሊት በላይ ያገኝ እንደነበር የጥንት ጸሐፊ ዲዮዶሮስ ጽፏል። አንድ መክሊት 26 ኪሎ ያህል ብር ስለሆነ፣ ገቢው በብር ቢመዘን 26 ቶን ገደማ ነው። ይህ ገንዘብ ለወታደር ደመወዝ ብቻ አልዋለም፤ በየከተማው ላሉ ተናጋሪዎችና ሹማምንት ጉቦ ሆኖም ይገባ ነበር። ወርቅ የተጫነች አህያ የማትወጣው ምሽግ የለም ይል ነበር ተብሎ ይነገርለታል።

ፊሊጶስ ሰባት ሚስቶች ነበሩት። ብዙዎቹን ያገባቸው ከጎረቤት መንግሥታት ጋር ለመዛመድ ነው። ከእነርሱ አንዷ የኤፒሮስ ንጉሥ ልጅ ኦሊምፒያስ በ356 እስክንድር የሚባል ልጅ ወለደችለት። በዕብራይስጥ «አሌክሳንደር ሞክዶን» የሚባለው፣ እኛም ታላቁ እስክንድር የምንለው እርሱ ነው።

ይሁን እንጂ ለፊሊጶስ ከወርቅም ከጋብቻም ይልቅ የጠቀመው የግሪኮች ጠብ ነው። በ356 ፎኪስ የሚባሉ ሕዝቦች በዴልፊ የነበረውን የአፖሎን ቤተ ጣዖት ያዙ፤ በዚያ የተከማቸውን ገንዘብም ለቅጥረኛ ወታደር ከፈሉበት። ቴብስ ልትቀጣቸው ሞከረች፣ አልቻለችም። ከዚያ በኋላ ተሳልያ የሚባሉት ሰዎችና ቴብስ ራስዋ ፊሊጶስን «ና እርዳን» ብለው ጠሩት። በሩን ሰብሮ አልገባም፤ ተከፍቶለት ገባ። በ346 ጦርነቱ ሲያልቅ የዴልፊን ቤተ ጣዖት በሚጠብቀው ጉባኤ ውስጥ የፎኪስ ድምፆች ለፊሊጶስ ተሰጡ። ትናንት «ባርባሮስ» የተባለው ሰው ዛሬ በግሪኮች ጉባኤ መካከል ተቀመጠ።

ወዳጅነቱ ግን ዋጋ ያስከፍል ነበር። ኦሊንቶስ የምትባል ከተማ መጀመሪያ የፊሊጶስ ወዳጅ ነበረች፤ መሬትም ሰጥቷት ነበር። ቆይታ ፈራችውና ከአቴና ጋር ስትወዳጅ በ348 ከተማይቱን አፈረሳት፣ ነዋሪዎችዋንም ባሪያ አድርጎ ሸጣቸው። የአቴና እርዳታ የተላከው በጥቂት በጥቂቱና ጊዜው ካለፈ በኋላ ነበር።

ሳይቃጠል በቅጠል

በአቴና ዴሞስቴንስ የሚባል ተናጋሪ ነበር። ከ351 ጀምሮ በጉባኤው ፊት እየቆመ ስለ ፊሊጶስ ሕዝቡን ያስጠነቅቅ ነበር። ነገሩ በአማርኛ ሲጠቀለል «ሳይቃጠል በቅጠል» ነው። «ዛሬ በሩቅ ብትዋጉት ይሻላል፤ ነገ በደጃችሁ ትዋጉታላችሁ» ማለቱ ነበር። አቴና ገንዘብ አልጠፋትም፤ ነገር ግን የተረፈው ገንዘብ ለበዓልና ለትርዒት መመልከቻ ለሕዝቡ ይከፋፈል ነበር። ያንን ለጦር እናውለው ብሎ መናገር የተጠላ ነገር ነበር። በመጨረሻ ገንዘቡ ወደ ጦር እንዲዞር የተወሰነው ፊሊጶስ ደጃቸው ሊደርስ ሲል ነው።

ሁሉም ግን እንደ ዴሞስቴንስ አላሰበም፤ ይህንንም ለልጆቻችን መንገር ይገባል። ኢሶክራተስ የሚባል የ90 ዓመት ሽማግሌ መምህር በ346 ለፊሊጶስ ረጅም ደብዳቤ ጻፈለት። ሐሳቡም የግሪክ ከተሞች በጦርነት አልቀዋል፣ ድሃው በዝቷል፣ የሚያስታርቃቸውና ወደ ፋርስ የሚመራቸው አንድ መሪ ያስፈልጋቸዋል የሚል ነበር። ሁለቱም አገራቸውን የሚወዱ ሰዎች ነበሩ። አንዱ ነፃነት ከጠፋ ሰላም ምን ይጠቅማል አለ፤ ሌላው እርስ በርስ የሚያጫርስ ነፃነት ምን ይጠቅማል አለ። ይህ ክርክር እስከ ዛሬም በብዙ አገር አልተቋጨም።

በ340 ፊሊጶስ ፔሪንቶስንና ቢዛንትዮንን ከበበ፤ ቢዛንትዮን የዛሬዋ ኢስታንቡል ናት። ሊይዛቸው አልቻለም። ነገር ግን ከጥቁር ባሕር እህል ጭነው ወደ አቴና የሚሄዱትን መርከቦች ማረከ። አቴና የምትበላውን ስንዴ አብዛኛውን ከዚያ ታመጣ ስለነበር ይህ ጉሮሮዋን እንደ ማነቅ ነበር። ጦርነቱም በይፋ ተጀመረ።

በ339 ፊሊጶስ ወደ አቴና በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ኤላቴያን በድንገት ያዘ። ወሬው አቴና የደረሰው በምሽት ነው። በማግሥቱ ሕዝቡ ጎሕ ሳይቀድ ተሰበሰበ። ዴሞስቴንስ ራሱ ከዓመታት በኋላ እንደተረከው፣ አዋጅ ነጋሪው ማን መናገር ይፈልጋል ብሎ ደጋግሞ ቢጠይቅም የጦር አለቆቹም፣ ሀብታሞቹም፣ ሌሎቹም ተናጋሪዎች ዝም አሉ። የተነሣው እርሱ ብቻ ነበር። ከአሮጌ ጠላታችን ከቴብስ ጋር እንታረቅ፣ አብረን እንዋጋ አለ። ተስማሙ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እውነት ነው፤ ይህ ድር ግን ማበር የጀመረው አንበሳው ደጅ ከደረሰ በኋላ ነበር።

የኬሮኒያ ቀን

በ338 የበጋ ወራት ኬሮኒያ በሚባል ሜዳ ሁለቱ ሠራዊት ተገናኙ። ፊሊጶስ 30,000 እግረኛና 2,000 ፈረሰኛ ነበረው። የግሪኮቹም ቁጥር ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። በአንድ ወገን ፊሊጶስ ከአቴናውያን ጋር ገጠመ፤ በሌላው ወገን የ18 ዓመቱ እስክንድር በቴብሳውያን ላይ ዘመተ። አቴናውያን ከ1,000 በላይ ሞቱባቸው፤ 2,000 ተማረኩ። «ቅዱስ ጓድ» የሚባሉት የቴብስ 300 ምርጥ ወታደሮች ከቆሙበት ሳይሸሹ አለቁ። በዚያ ቦታ በድንጋይ የተቀረጸ ታላቅ አንበሳ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በሥሩ ሲቆፈር በረድፍ የተቀበሩ 254 አጽሞች ተገኝተዋል።

ድል ካደረገ በኋላ ፊሊጶስ ሁሉንም እኩል አልቀጣም። ለቴብስ ጨከነባት፤ ወታደሮቹንም በምሽግዋ አስቀመጠ። አቴናን ግን ማራትና ምርኮኞችዋን ያለ ቤዛ መለሰላት፤ የሞቱባትንም ሰዎች አመድ በክብር ላከላት። አንዱን መቅጣት፣ ሌላውን ማቆላመጥ የቆየ ልማዱ ነበር። የተማረረውና የተደሰተው እንዳይተባበሩ ያደርጋል።

ከዚያም በቆሮንቶስ የከተሞቹን መልእክተኞች ሰበሰበ። እርስ በርስ እንዳይዋጉ፣ የየከተማው አስተዳደር በኃይል እንዳይለወጥ፣ ባሕሩ ለሁሉም ክፍት እንዲሆን መሐላ አስገባቸው። የሁሉም የጦር መሪ እርሱ ሆነ። ስፓርታ ብቻ አልገባም ብላ ቀረች። በወረቀት ላይ ከተሞቹ ነፃ ነበሩ፤ ጉባኤያቸውም አልተዘጋም። ነገር ግን በቆሮንቶስና በቴብስ ምሽግ ውስጥ የመቄዶንያ ወታደር ነበር፤ ጦርነትና ሰላምን የሚወስነውም ንጉሡ ሆነ። ለመቶ ዓመት ሲዋጉ ያልተገኘው ሰላም መጣ፤ የመጣው ግን ከላይ ታዝዞ ነው።

በ336 ፊሊጶስ በልጁ ሠርግ ላይ በአይጋይ ከተማ ቲያትር ሲገባ ጳውሳንያስ የሚባል የራሱ ጠባቂ ወግቶ ገደለው። አይጋይ ዛሬ በሰሜን ግሪክ ቬርጊና የምትባል መንደር ናት። በ1977 እ.ኤ.አ. የግሪኩ አርኪኦሎጂስት ማኖሊስ አንድሮኒኮስ በዚያ ያልተዘረፈ የንጉሥ መቃብር አገኘ። ብዙዎች የፊሊጶስ ነው ይላሉ፤ አይደለም የሚሉም ሊቃውንት አሉ።

ቴብስ ፈረሰች

እስክንድር በነገሠ ጊዜ ዕድሜው 20 ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በ335 እስክንድር ሞተ የሚል ወሬ ሲሰማ ቴብስ አመፀች። እርሱ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሰሜን ገሥግሦ ደረሰ። 6,000 ሰዎች ተገደሉ፤ 30,000 ለባርነት ተሸጡ፤ ከተማይቱም ፈረሰች። የሚያሳዝነው፣ ትፍረስ ብለው የፈረዱት እስክንድር የሰበሰባቸው የግሪክ ጎረቤቶችዋ ናቸው። ቴብስ በኃያልነትዋ ዘመን በድላቸው ስለነበር ቂማቸውን ተወጡ።

በ334 እስክንድር ወደ ፋርስ ዘመተ። በ332 በዛሬዋ ሊባኖስ ያለችውን ጢሮስን ሰባት ወር ከቦ ያዛት፤ ከዚያም ጋዛን ሁለት ወር ከበባት። እንደዚህ አድርጎ ይሁዳም በመቄዶንያ አገዛዝ ሥር ገባች። እስክንድር ወደ ኢየሩሳሌም መጥቶ ሊቀ ካህኑን አክብሮ ሰላምታ እንደሰጠው ዮሴፍ ወልደ ማትያስ ጽፏል፤ ተመሳሳይ ታሪክ በታልሙድም አለ። የታሪክ ሊቃውንት ይህ ጉብኝት መደረጉን ይጠራጠራሉ። ልጆቻችሁ ግን በትምህርት ቤት ይሰሙት ይሆናልና ማወቁ ጥሩ ነው።

በ323 እስክንድር በባቢሎን ሞተ። አቴና እንደገና ለነፃነትዋ ተዋግታ በ322 ተሸነፈች። ዴሞስቴንስም ከአሳዳጆቹ ሸሽቶ በአንዲት ደሴት ላይ መርዝ ጠጥቶ ሞተ። የእስክንድር ጦር አለቆች ግዛቱን ተከፋፈሉት። ግብፅ ለቶሎሚ፣ ሶርያና ባቢሎን ለሴሌውኮስ ደረሱ። ሃኑካ ላይ የምንሰማው አንቲዮኮስ ከሴሌውኮስ ዘር ነው። በ167 ትእዛዙን አወጣ፤ በ164 ሃሽሞናይም ቤተ መቅደሱን አጽድተው መልሰው አከበሩ። ይህን ታሪክ የሚተርከው የመጀመሪያው የመቃብያን መጽሐፍ የሚጀምረው ከአንቲዮኮስ አይደለም፤ ከፊሊጶስ ልጅ ከእስክንድር ነው። /ይህ መጽሐፍ በኢትዮጵያ በግዕዝ መቃብያን ተብሎ ከሚታወቀው የተለየ ነው።/

የተሸናፊው ስም ለምን ቀረ?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። የመቄዶንያ ነገሥታት ግሪኮችን ያሸነፉት በጦር ነው፤ በቤተ መንግሥታቸው የሚነገረውና የሚጻፈው ግን የአቴና ግሪክኛ ነበር። ፊሊጶስ ለልጁ መምህር ሲፈልግ የቀጠረው አርስቶትልን ነው። ስለዚህ ሠራዊቱ በሄደበት ሁሉ የተስፋፋው ቋንቋ፣ ትምህርት ቤትና ቲያትር የግሪኮች ነበር። አገዛዙ የመቄዶንያ ሆነ፤ ልማዱ የግሪክ ሆነ። ለዚህ ነው ዕብራይስጡ ሁሉንም በአንድ ላይ «ያቫን» ያለው።

ያ ቋንቋ እኛ ዘንድም ደርሷል። በየቢሮው የምንሞላው «ጦፌስ» /ቅጽ/፣ ስማችን ያለበት «ቲክ» /ማኅደር/፣ የሕፃናት ክትባት የሚጻፍበት «ፒንቃስ»፣ መርከብ የሚቆምበት «ናማል»፣ የምንተነፍሰው «አቪር» መነሻቸው ግሪክኛ ነው። አማርኛው «አየር»ም ከዚያው ከግሪክኛ የመጣ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ሌላ ነው። እስክንድር በ331 በግብፅ እስክንድርያን መሠረተ። በዚያች ከተማ የኖሩ አይሁድ ከመቶ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ኦሪትን ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክኛ ተረጎሙ። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ቄሶቻችን የሚያነቡት የግዕዝ ኦሪት የተተረጎመው ከዚያ ከግሪክኛው ነው። አንዱ ግሪክኛ ተናጋሪ ንጉሥ ኦሪትን ሊያጠፋ ሞከረ፤ ያው ግሪክኛ ቋንቋ ግን ኦሪትን ተሸክሞ እኛ ዘንድ ካደረሱት አንዱ ሆነ። ልጃችሁ «ያቫኒም እነማን ናቸው?» ሲላችሁ ይህንንም ንገሩት።

በካርታ ላይ ስለሚታየው ስም አንድ ማስታወሻ እንጨምር። የጥንቱ የመቄዶንያ መንግሥት እምብርት ዛሬ በግሪክ አገር ውስጥ ነው። በስተሰሜን ያለው ጎረቤት አገር በ1991 እ.ኤ.አ. ነፃ ሲወጣ ራሱን መቄዶንያ ብሎ ስለጠራ ከግሪክ ጋር ብዙ ዓመት ተከራከሩ። በ2018 ተስማምተው ከ2019 ጀምሮ ሰሜን መቄዶንያ ይባላል።

ለቤተሰብ ውይይት

ሻማው በርቶ ሳለ ከልጆቻችሁ ጋር እነዚህን ጥያቄዎች ተነጋገሩባቸው።

1. ፊሊጶስ ግሪኮችን እንዲያሸንፍ ከረዱት ነገሮች ዋናው የትኛው ነው? ሠራዊቱ፣ ወርቁ ወይስ የእነርሱ ጠብ?
2. ዴሞስቴንስና ኢሶክራተስ ቢከራከሩ እናንተ ለየትኛው ትፈርዳላችሁ?
3. የቴብስ ጎረቤቶች ቂማቸውን መወጣታቸው በኋላ ምን ጠቀማቸው?
4. አያቶቻችሁ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት መቼ መቼ ይናገሩት እንደነበር ጠይቋቸው።

ልጆቹ ዕብራይስጡን ያስረዱአችሁ፤ እናንተ ተረቱንና ምሳሌውን ጨምሩላቸው። በሚቀጥለው እትም ይሁዳ በቶሎሚና በሴሌውኮስ ልጆች መካከል እንዴት እንደኖረች እንተርካለን። እስከዚያው በሰላም ቆዩን። ሃኑካ ሳሜያህ!